አንድ ሂት ያለው ባንድ ሀብታም ነው ያላችሁ ማነው?

ተማሪዎቼ የሚደጋግሙት አንድ ነገር አለ። «ጋሼ፣ አንድ ሂት፣ አገር ሁሉ የሚዘፍነው ዘፈን ብቻ ይውጣልኝ። ከዚያ በኋላ ሀብታም ነኝ፤ ምንም አልፈልግም።» ኪቦርድ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ያልሰማሁበት ወር የለም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዱ ማስረጃ ይዞ መጣ። «ኪንግስሜንን አያዩም? በአንዲት ዘፈን ዕድሜ ልካቸውን በሉ!»

የመረጠው ማስረጃ የራሱን አባባል የሚያፈርስ መሆኑን አላወቀም።

ኪንግስሜን አሜሪካ ውስጥ፣ ከኦሪገን ግዛት ከፖርትላንድ ከተማ የተነሱ የሮክ ኤንድ ሮል ልጆች ናቸው። ኤፕሪል 6 ቀን 1963 ስቱዲዮ ገብተው «ሉዊ ሉዊ»ን ቀዱ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) እኔ ለጀማሪ መጀመሪያ የምሰጠው ይህን ዘፈን ነው። ኤ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር። ሦስት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች)፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ስለዚህ በዘፈኑ ዙሪያ የሚወራውን ሁሉ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ቀላል ቀላሎቹን ቶሎ ልለፋቸው።

«ዘፈኑ የራሳቸው ነው።» አይደለም፣ የሪቻርድ ቤሪ ነው። ቤሪ የሎስ አንጀለስ ጥቁር ድምፃዊ ነበር። በ1955 ጽፎት በ1957 ራሱ ዘፍኖ አሳተመው። ያቺን ታዋቂ የመግቢያ ዜማ ያገኛት ከአንድ የቻ ቻ (የላቲን ዳንስ) ዘፈን ነው።

«በአሜሪካ አንደኛ ወጥቷል።» የአሜሪካ ዘፈኖች ደረጃ በሚወጣበት በቢልቦርድ ሰንጠረዥ የደረሰው 2ኛ ድረስ ነው።

«ሌላ ዘፈን የላቸውም።» አላቸው። «ጆሊ ግሪን ጃይንት» የሚለው ዘፈናቸው በ1965 በዚያው ሰንጠረዥ 4ኛ ደርሷል። ሰው የሚያስታውሰው አንዱን ብቻ ስለሆነ ሌላውን ሥራቸውን እንዳልነበረ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

«ግጥሙ ውስጥ ብልግና ተደብቋል።» ይሄኛው ትንሽ ቦታ ይገባዋል። ግጥሙ የአንድ መርከበኛ ጨዋታ ነው። ጃማይካ ስለምትጠብቀው ልጅ ለመጠጥ ቀጂው ያወራለታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ቃላቱ የማይሰሙበት ምክንያት ስቱዲዮ ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። ማይክራፎኑ ከዘፋኙ ከጃክ ኤሊ ራስ በላይ ተሰቅሏል። ኤሊ ጥርሱ ላይ ማስተካከያ ብረት አለ። በእግሩ ጣት ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ እየጮኸ ነው የዘፈነው። ከበሮውና ጊታሩ እዚያው ክፍል ውስጥ አብረው ይጮኻሉ። እንዲህ ከቀዳችሁ የእናታችሁን ስም ብትጠሩም አይለይም።

በ1964 መጀመሪያ የኢንዲያና ግዛት ገዥ ማቲው ዌልሽ ዘፈኑን ብልግና ነው ብለው ከሬዲዮ እንዲወርድ ጠየቁ። አንድ ወላጅም ለአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈ። የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይ ሸክላውን በተለያየ ፍጥነት እያስኬደ መረመረ። ከመቶ ገጽ በላይ መዝገብ ከተከማቸ በኋላ ድምዳሜው በየትኛውም ፍጥነት ግጥሙ አይሰማም የሚል ሆነ። አንድ ስድብ ካለ ግጥሙ ውስጥ አይደለም። 54ኛው ሰከንድ አካባቢ ከበሮ መቺው ሊን ኢስተን የመምቻ ዱላው ሲሳሳትበት ከኋላ የጮኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «አንድ ሂት ካለህ ሀብታም ነህ።» ይህን አባባል ከልቤ ነው የምጠላው። ልጆችን ሳያነቡ የሚያስፈርማቸው እሱ ነው።

ከሪቻርድ ቤሪ እንጀምር። በ1959 ሊያገባ ነው፣ ገንዘብ ያስፈልገዋል። የዘፈኑን መብት በ750 ዶላር ሸጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ዘፈኑ አሜሪካን አጥለቀለቀ። ያ ሁሉ ሸክላ ሲሸጥ የደራሲው ድርሻ ለቤሪ አልደረሰም። በ1980ዎቹ የመንግሥት ድጎማ እየተቀበለ እናቱ ቤት ይኖር ነበር። ያዳነው አንድ የመጠጥ ኩባንያ ዘፈኑን ለማስታወቂያ መፈለጉ ነው። የእሱ ፊርማ አስፈለገ፣ ጠበቃ መጣ፣ በስምምነት መብቱን መልሶ አገኘ። እስከዚያ ግን ሃምሳ ዓመት ደፍኗል።

ዘፋኙ ጃክ ኤሊ ደግሞ? በዓለም ሁሉ የሚሰማው ድምፅ የእሱ ነው። ዘፈኑ ሲፈነዳ ግን ባንዱ ውስጥ አልነበረም! የባንዱን ስም ያስመዘገበችው የሊን ኢስተን እናት ናት፣ በልጇ ስም። ነሐሴ ላይ፣ ከቅጂው አራት ወር በኋላ፣ ኢስተን ከእንግዲህ ዘፋኙ እኔ ነኝ፣ አንተ ከበሮ ምታ አለው። ኤሊ ጥሎ ወጣ። የቤዝ ጊታሩ ልጅ ቦብ ኖርድቢም ተከተለው። ከዚያ ዘፈኑ ወደ ላይ ወጣ። በቴሌቪዥን በኤሊ ድምፅ ላይ አፉን የሚያንቀሳቅሰው ኢስተን ሆነ። ጉዳዩ በሕግ ተይዞ በስምምነት አለቀ። ኢስተን በኤሊ ድምፅ ማስመሰሉን እንዲተው፣ ሸክላው ላይ መሪ ድምፃዊው ኤሊ መሆኑ እንዲጻፍ ተባለ። ኤሊ በበኩሉ በኪንግስሜን ስም መሥራት ተከለከለ። ኋላ ኦሪገን ውስጥ ፈረስ ሲያሠለጥን ኖሮ በ2015 ሞተ።

ባንዱ ውስጥ የቀሩትስ ተጠቀሙ? በ1968 ከአሳታሚያቸው ጋር የተጻፈው ውል ከገቢው 9 በመቶ ይከፈላቸው ይል ነበር። ለዓመታት አልተከፈላቸውም። በ1993 ከሰሱ። ክርክሩ እስከ 1998 ሄደና ረቱ፤ ዋናው ቅጂም (ሌላው ሁሉ የሚባዛበት) ተመለሰላቸው። ገንዘቡ ግን የተቆጠረላቸው ክስ ከመሠረቱበት ቀን ጀምሮ ነው። የቀደመው ሠላሳ ዓመት ቀለጠ። ተማሪዬ ዕድሜ ልካቸውን በሉ ያላቸው እነዚህን ሰዎች ነው።

እኔም አውቀዋለሁ፣ ደርሶብኛል። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ለአንድ ካሴት አራት ዜማ ሠራሁ። አሳታሚው ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝ። ወረቀት ዘረጋልኝ፣ ፈረምኩ። አላነበብኩም፣ ቅጂም አልወሰድኩም። ያን ቀን ጓደኞቼን ጥሬ ሥጋ ጋበዝኩ። ከወራት በኋላ ታክሲ ውስጥ ዜማዬን ሰማሁት። ሾፌሩ አብሮ ያንጎራጉራል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ወርጄ ካሴቱን ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ «ዜማ» ከሚለው አጠገብ የተጻፈው ስም የእኔ አይደለም። ሄጄ ብጠይቅ ፊርማዬን አሳዩኝ። እስከ ዛሬ ያንን ዜማ ሰርግ ላይ ስጫወት ሆዴ ይባባል።

ስለዚህ እባካችሁ ስሙኝ። ባንድ ስትመሠርቱ ስሙ የማን እንደሆነ መጀመሪያውኑ ጻፉ። ሁላችሁም ፈርሙበት። «ጓደኛሞች ነን እኮ» አትበሉኝ፤ ኤሊና ኢስተንም የልጅነት ጓደኞች ነበሩ። ስቱዲዮ የገባችሁበትን ቀን፣ ማን ምን እንደተጫወተ፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ያን ዕለት መዝግቡ፤ ዓመት ካለፈ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ለራሱ ነው። መብታችሁን ለዘላለም አትሽጡ። የግድ ከሆነ ለተወሰነ ዓመት ስጡ፣ ዓመቱም በቁጥር ይጻፍ። ክፍያው በመቶኛ ከሆነ መቼ እንደሚከፈልና ሒሳቡን ማየት እንደምትችሉ ይግባበት። የፈረማችሁትን ሁሉ ቅጂ ያዙ፤ በስልክ ፎቶ ማንሳት ምን ያስቸግራል? በአገራችን ከ1996 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ጀምሮ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 አለ። የሚጠብቀው ደራሲውን ብቻ አይደለም፣ ዘፋኙንና ተጫዋቹንም ነው። ግን ያለ ወረቀት ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?

አንዱ ተማሪ «ጋሼ፣ ገና ሂት ሳይኖረኝ ስለ ውል ባወራ ሰው ይስቅብኛል» ብሎኛል። ይሳቅ። ሂት ከወጣ በኋላማ ማንም ተጠግቶ አይነግርህም። ኢስተን የባንዱን ስም በእጁ ያደረገው ፖርትላንድ ውስጥ የዳንስ ምሽት የሚጫወቱ ተማሪዎች ሳሉ ነው።

ያን ኪንግስሜንን የጠቀሰልኝን ልጅ ባንዳቸው ስንት ሰው እንዳለው ጠየቅኩት። አምስት ናቸው። ስሙን ማን አወጣው? ድራመሩ። በማን ስም ተመዘገበ? አያውቅም። የዩቲዩብ ገጹ በማን ኢሜይል ተከፈተ? እሱንም አያውቅም። የዚህ ሳምንት የቤት ሥራው እሱ ነው። ኮርዱን በኋላ እንደርስበታለን።