ግራቭል ብስክሌት ምንድን ነው? ለፒስታና ለኮረኮንች የተሠራው ብስክሌት

ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ አስፋልቱን ይዞ እንጦጦ ማርያም የደረሰ ብስክሌተኛ ብዙውን ጊዜ እዚያ ያበቃል። ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ከተማዋን ቁልቁል ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በመጣበት ይመለሳል። ከጋራው ጀርባ ግን፣ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው በኩል፣ አስፋልት ያልነካቸው መንገዶች ተዘርግተዋል። ገበሬው አህያውን ይነዳባቸዋል፣ አይሱዙ ድንጋይ ያመላልስባቸዋል፣ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ዕድሜ ልካቸውን ተመላልሰውባቸዋል። ግራቭል ብስክሌት ማለት አስፋልቱንም እነዚህንም መንገዶች በአንድ ጉዞ፣ ሳይወርዱና ሳይቀይሩ፣ ለመሄድ የተሠራ ብስክሌት ነው።

ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ ጠጠር ነው። ይህ ፍቺ ግን ያሳስታል። እኛ ጠጠር መንገድ ስንል በማሽን ተጠርጎ፣ ጠጠር ለብሶ የተደመደመውን ነው የምናስበው። በብስክሌቱ ዓለም ግራቭል የሚባለው ከዚያ ይሰፋል፦ ገረጋንቲ የፈሰሰበት የሠፈር መግቢያ፣ ኮረኮንች፣ የተበላሸ ኮብልስቶን፣ በጫካ ውስጥ የሚያልፍ የመኪና ዱካ፣ በጋ ላይ እንደ ሲሚንቶ የሚደርቅ የእርሻ መሃል መንገድ። ሁሉንም የሚጠቀልል ቃል አማርኛችን አለው፤ ፒስታ። ሾፌሮቻችን «ከዚህ በኋላ ፒስታ ነው» ሲሉ የሚጠብቃቸውን ሁሉ ጠቅልለው መናገራቸው ነው። ግራቭል ማለት እሱ ነው።

አገራችን ውስጥ በውድድር ስማቸው የሚነሳው ኮርስና ማውንቴን ናቸው። ኮርስ ጎማው ቀጭን፣ መሪው ወደ ታች የተቆለመመ፣ ለአስፋልት ፍጥነት የተሠራ ነው። ማውንቴን ጎማው ወፍራም፣ መሪው ቀጥ ያለ፣ ፊቱ ላይ ሞላ ያለው፣ ለገደልና ለድንጋይ ነው። ግራቭል በሁለቱ መሃል ይቆማል። መሪው እንደ ኮርስ የተቆለመመ ቢሆንም ጫፎቹ ትንሽ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ቁልቁለት ላይ እጅ ሰፋ አድርጎ ለመያዝ ይመቻል። ፍሬኑ የዲስክ ነው። ማርሹ ለዳገት በጣም ቀላል ድረስ ይወርዳል፤ ለምሳሌ የፊቱ 40 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 42 ጥርስ ሲሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ቸርኬ አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። እንጦጦን የወጣ ሰው ይህ ምን ያህል በረከት እንደሆነ ይገባዋል።

ዋናው ነገር ግን ጎማው ነው። ስለ ግራቭል አንድ ነገር ብቻ ተረዱ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። የኮርስ ጎማ ውፍረቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የግራቭል ከ35 እስከ 50 ይደርሳል። የወፈረበት ምክንያት ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ አየር ይዞ መሄድ እንዲችል ነው። በቀጭን ጎማ ላይ 5 ወይም 6 ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የሚሞላ ሰው፣ በ40 ሚሊ ሜትር ጎማ እንደ ክብደቱ ከ2 እስከ 3 ባር ይበቃዋል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አይቀበልም። ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው «ጎማው ሲጠጥር ይፈጥናል» የሚለውን ነውና። ለስላሳ አስፋልት ላይ ነገሩ ከእውነት ብዙም አይርቅም። ኮረኮንች ላይ ግን ይገለበጣል። የጠጠረ ጎማ ድንጋይ ሲያገኝ አይጎብጥም፤ ስለዚህ ብስክሌቱም ሰውየውም አብረው ወደ ላይ ይነሳሉ። በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት ወደ ላይ ይባክናል፣ ቀሪው በክንድና በወገብ ላይ ያልቃል። አየሩ የቀነሰ ወፍራም ጎማ ድንጋዩን እንደ ሊጥ አቅፎት ያልፋል። ብስክሌቱ ሳይዘል መንገዱን ይቀጥላል፣ ጎማውም መሬቱን ስለማይለቅ ኩርባ ላይ አይንሸራተትም። አንድ ሰው በዚህ ጉዳይ ቢጠራጠር ፍቱን መሞከሪያው ቀላል ነው፤ አንዱን ኮብልስቶን መንገድ በሙሉ አየር ሄዶ፣ ግማሽ ባር አስተንፍሶ ይመለስበት። እጁ መልሱን ይነግረዋል።

አየር መቀነስ ወሰን አለው። ከመጠን በላይ ሲላላ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው ጠርዝ መሃል ይቆነጠጥና እባብ የነደፈው የሚመስሉ ሁለት ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ያወጣል። ለዚህ ነው ብዙ ግራቭል ብስክሌቶች ያለ ካላማዳሪ የሚሄዱት። ጎማው ከቸርኬው ጋር ገጥሞ ይታሸግና ውስጡ ወተት መሰል ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ቀዳዳው ላይ ደርሶ ይረጋል። የእንጦጦን ቀጋና የግራርን እሾህ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም። ችግሩ ፈሳሹ እየደረቀ ስለሚሄድ በየጥቂት ወሩ መሙላት ያስፈልጋል። የሠፈር ጎሚስታ ሁሉም አይሠራውም፤ ስለዚህ እኔ አንድ ትርፍ ካላማዳሪ፣ ትንሽ መንፊያና ጎማ ማውለቂያ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም።

ጎማው ከወፈረ በፍሬሙና በጎማው መሃል ሰፊ ክፍተት ሊኖር ግድ ነው። ይህ ክፍተት ለምን እንደሚያስፈልግ ያስተማረኝ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የገጠመኝ አንድ የሐምሌ ማለዳ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። ከአስፋልቱ ወጥቼ ሃያ ሜትር ሳልሄድ ጎማው ዕጥፍ ወፈረ። ዋልካ ነው። እየተንከባለለ ጭቃውን ሰብስቦ፣ ሣሩን ከጭቃው ጋር ፈትሎ፣ ፍሬኑ ሥር ገብቶ ጠቀጠቀው። ቸርኬው መዞር አቆመ። ብስክሌቱን ላነሳው ስሞክር ክብደቱ ሌላ ነው።

ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ከከብቶቻቸው ኋላ መጡ። «አካም ቡልተ» አልኳቸው። ሰላምታዬን መለሱና በአማርኛ ቀጠሉ፤ ከአጥሩ ቀጭን እንጨት ሰብረው ጭቃውን ከፎርኩ ሥር መፈልቀቅ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ይህ መሬት ከጠገበ እግር አይለቅም። መንገዱን ተወው፣ ሣሩን ይዘህ ሂድ።»

«እሺ አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ሣሩን ይዤ ሄድኩ፤ ደህና ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ስመርጥ ከርዝመቱ በፊት አፈሩን አያለሁ። ዋልካ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ ደንደን ይላል፣ ክረምት ላይ ግን ምንም ዓይነት ጎማ አያሸንፈውም። የእንጦጦ ቀይ አፈርና ድንጋያማው ሸንተረር ዝናቡ ካባራ ብዙም ሳይቆይ ይጠነፍፋል። በቢሾፍቱ ዙሪያ ያለው ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ውሃ አይቋጥርም፤ ዝናብ በዘነበ ማግስትም ይነዳል።

ግራቭል የሚነዱ ሰዎች ስለ መንገድ ሲያወሩ ጫካ፣ ኮረብታና የባህር ዳርቻ በአንድ ቀን ማግኘትን እንደ ትልቅ ጸጋ ያዩታል። በስፔን የጂሮና ከተማ በዚህ ዝነኛ ናት፤ ጠባብ ሐዲድ የነበረው የድሮ የባቡር መስመር ዛሬ የብስክሌት መንገድ ሆኖ ከከተማዋ እስከ ሜዲትራንያን ዳርቻ ይወስዳል። እኛ ባህር የለንም። ነገር ግን የእንጦጦ ሸንተረር የውሃ መክፈያ ነው። በደቡቡ በኩል፣ በከተማዋ ፊት ለፊት፣ የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባህር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ከጀርባው በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ መዳረሻው ያው ሜዲትራንያን ነው። ሸንተረሩን ይዞ የሚነዳ ሰው የፊት ጎማው አንዴ በአዋሽ፣ አንዴ በዓባይ ተፋሰስ ላይ ይሽከረከራል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያንን መንገድ በግዴለሽነት ሄጄበት አላውቅም።

ለጫካ ከሆነ መናገሻ ሱባን የሚተካከል በአቅራቢያችን የለም። ከከተማዋ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 3,385 ሜትር ከፍታ ባለው የወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። የእንጦጦ ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የገባ የውጭ ዛፍ ነው፤ እዚህ ግን ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ነው፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ውስጡ በቀዝቃዛ ጥላ የተሸፈነ የመኪና ዱካ አለ፤ ድምፅ ሳያሰሙ ለሚሄዱበት ብስክሌት የተሰጠ ነው ማለት ይቻላል። መግቢያው ላይ ከፍሎና አስፈቅዶ መግባት ነው። በዚያው አቅጣጫ በአምቦ መንገድ ዳር የገፈርሳ ግድብ ውሃ ይታያል፤ በኢትዮጵያ ደጋ የምትገኘውን ክንፈ ሰማያዊ ዝይ በማለዳ ያገኙባታል።

ስፖርቱ በስሙ አዲስ ነው። ስሙ የወጣው ከአሜሪካ የእርሻ መንገዶች ሲሆን፣ በካንሳስ ግዛት ኤምፖሪያ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሚካሄደው የ200 ማይል ውድድር አነገሠው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ2022 ጣሊያን ውስጥ ተካሂዷል። ጎረቤታችን ኬንያ ከ2021 ጀምሮ በማሳይ ማራ በኩል የሚያልፍ ውድድር አላት። ድርጊቱ ግን አሮጌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ቱር ደ ፍራንስ የተባለው የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር ሲጀመር መንገዱ ፒስታ ነበር። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች ነበሩ። በዚያ ዘመን ከከተማ የወጣ መንገድ አብዛኛው ምን ዓይነት እንደነበር የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ልጆቻችን ዛሬ ከውጭ የመጣ ስፖርት ጀመሩ ሲባል ደስ አይለኝም።

ከፍታው ለጀማሪ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። እንጦጦ አናት ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ ሲሶ ያህል ያንሳል፤ እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ ዳገቱ ላይ ይሰማዋል። ውሃ በብዛት፣ ነፋስ መከላከያ ጃኬት፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ በኪስ። ለብቻ መውጣት አይመከርም፤ ስለ አካባቢው ጸጥታም በዚያ የሚኖረውን ሰው ቀድሞ መጠየቅ ነው። ውሻ ሲመጣ ከብስክሌቱ ወርዶ ብስክሌቱን በመሃል አድርጎ በእግር መሄድ ከመሸሽ ይሻላል። ቁልቁለት ላይ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ሲመጡ ቆማችሁ አሳልፏቸው። ሸክሙ መንገዱን ሙሉ ይይዛል፣ አንገታቸውንም ማዞር አይችሉም፤ ከኋላ ድንገት መድረስ ሊጥላቸው ይችላል። ከሩቅ «እናቴ፣ በግራ በኩል እያለፍኩ ነው» ብሎ መናገር ይበቃል።

ለመጀመር ደግሞ አዲስ ብስክሌት መግዛት የግድ አይደለም። ቤት ያለውን ማውንቴን ጥርሱ ዝቅ ያለ ጎማ አልብሱት፤ ለመንገዱ ከበቂ በላይ ነው። ጊዜው ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት ሲጋመስ ነው። ዋልካው ደርቆ ገና አቧራ አልሆነም፣ ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ማለዳው ጥርት ያለ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሽሮ ሜዳ ከተነሳችሁ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሸንተረሩ ላይ ናችሁ፤ አየሩን እዚያ ግማሽ ባር ቀንሱና ወደ ጀርባው ውረዱ።