«ሚሽን» ምንድን ነው? ስለማትወጣዋ ልጅ

ባለፈው ሰሞን እዚህ ድሬዳዋ ከአንዲት የአጥቢያችን ልጅ ጋር ስለ አገልግሎት ስናወራ፣ «እኔ እንኳ ሚሽን ወጥቼ አላውቅም፤ እናቴ ስለታመመች የትም መሄድ አልችልም» አለችኝ። አንገቷን ደፍታ ነው ያለችው። ይህች ልጅ ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። ግራና ቀኟ ያሉት ነጋዴዎች አንዷ ሶማሌ፣ አንዷ ኦሮሞ ናቸው፤ በሁለቱም ቋንቋ ትግባባለች። ጎረቤቷ ስትወልድ ገንፎ ይዛ ትገባለች፤ ለቅሶ ሲሆን አብራ ትቀመጣለች፤ ስለ እምነቷ የጠየቃትን ሁሉ ሳትደብቅና ሳትጨቀጭቅ ትመልሳለች። «ሚሽን» የሚለው ቃል እሷን የማይጨምር ከሆነ፣ የተበላሸው ቃሉ ነው። የተልእኮ ትምህርት ሳስተምር እንዲህ ያለ ንግግር ስንት ጊዜ ሰምቼ አልፌአለሁ። የዚያን ቀን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

በየአብያተ ክርስቲያናችን «ሚሽን ወጣን» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አውቶቡስ ተከራይቶ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ፣ ዓርብ ሄዶ እሑድ መመለስ ነው። ጉዞውን አልነቅፍም፤ በእንዲህ ያለ ጉዞ ሕይወታቸው የተለወጠ ሰዎች አውቃለሁ። የምነቅፈው ቃሉ ጉዞው ላይ ተቸንክሮ መቅረቱን ነው። ተልእኮ፣ መልእክት፣ መልአክ፣ ልዑክ፤ ሁሉም «ለአከ» ከሚለው ከአንዱ የግእዝ ግሥ የወጡ ናቸው። «ሚሽን» የመጣበት የላቲኑም ቃል ትርጉሙ መላክ ነው። ቃሉ የሚጠይቀው «ማን ላከህ? ወደ ማን ላከህ?» ብሎ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ተጓዝክ የሚል ጥያቄ በውስጡ የለም።

እርግጥ ነው፣ ስሕተቱ ከመሬት አልበቀለም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ስለ ሚሲዮኖች የሚደነግገው ሕግ አገሩን ክፍት አካባቢና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ብሎ ሲከፍለው፣ «ሚሲዮን» በመንግሥት ዓይን ከውጭ የመጣና ፈቃድ የሚያወጣ ድርጅት ነበር። እዚሁ አካባቢያችንም ሐረር ላይ ካፑቺን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት፣ በኋላም ደደርና በደኖ ላይ ሜኖናውያን የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ትምህርት ቤት ወይም ሕክምና ይዘው ገብተዋል። በአያቶቻችን አፍ «ሚሲዮን» ቦታ ነው፤ አጥር፣ በርና ዘበኛ ያለው ግቢ። እኛ ደግሞ ግቢውን አፍርሰን ጉዞ አደረግነው። በሁለቱም ጊዜ ግን ሚሽን ሌላ ሰው፣ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው ገንዘብ የሚሠራው ነገር ሆኖ ቀረ።

ይህን በአንድ መድረክ ላይ ስናገር አንድ ወንድም ተነሥቶ ሞገተኝ። «ገበያ መዋልም ሚሽን ከተባለ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ ቋንቋ ተምሮ፣ ልጆቹን ባዳ አገር የሚያሳድገውን ምን ልንለው ነው?» አለኝ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በርናባስንና ሳውልን ለይታ ልካለች፤ ሁሉንም አልላከችም። ወንድሜ ያላየው ከዚያ በፊት ያለውን ታሪክ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 ላይ አንጾኪያ ገብተው ለግሪክ ሰዎች የተናገሩት የቆጵሮስና የቀሬና ሰዎች ናቸው። ስማቸው አልተጻፈም። በስደት ተበትነው የመጡ ናቸው እንጂ ኮሚቴ አልላካቸውም። ምዕራፍ 13 ላይ የላከችውን ቤተ ክርስቲያን የወለዷት እነዚህ ናቸው። በየቀኑ የማትመሰክር ቤተ ክርስቲያን ሩቅ የሚሄድ ሰው ከየት ታመጣለች?

ለድሬዳዋ ሰው በባቡር ማስረዳት ይቀለኛል። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከብዶ ከሥር ስለቀረ ነው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ለገሐሩ፣ የባቡር ጣቢያው፣ የተተከለው፤ ከተማዋም በዚያ ዙሪያ በቀለች። ከነዋሪዋ ብዙው ጅቡቲን ሳያይ ኖሯል። ወርክሾፑ ውስጥ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ውሃ የሚሞላው፣ ትኬት የሚቆርጠው፣ ለተሳፋሪ ሻይ የምታፈላው ሁሉ ግን የባቡሩ ሰው ነበር። ወርክሾፑ ሥራ ቢያቆም ባቡሩ አይነሣም። ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ናት ብዬ አምናለሁ። ሁሉም አይሳፈርም፤ ከጉዞው ሥራ ውጭ የሆነ ግን የለም። ብዙ አጥቢያዎች ዛሬ የሚሽን ክፍላቸውን መጨረሻ ላይ እንደ ተቀጠለ ፉርጎ ነው የያዙት። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚፈታው እሱ ነው። እኔ የምለው ፉርጎውን አጠንክራችሁ እሰሩት አይደለም። ከተማው ራሱ የተቆረቆረው ለዚህ ነው እያልኩ ነው።

ባቡርም ይመለሳል። ጳውሎስና በርናባስ አንጾኪያ ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን ሰብስበው ሁሉን ተርከዋል። ምሳሌው የሚያነክሰው ግን ባቡር ከሐዲዱ መውጣት አለመቻሉ ላይ ነው። ፊልጶስን የጌታ መልአክ ከሰማርያ ሕዝብ መካከል አውጥቶ ወደ ጋዛ ምድረ በዳ መንገድ፣ መንፈስ ቅዱስም ወደ አንድ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሰረገላ ወስዶታል። (ስለዚያ ሰው ስንሰብክ አንጣደፍ። በዚያ ዘመን የግሪኩ «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ያመለክታል፤ «ህንደኬ» የምንላትም በዛሬዋ ሱዳን የነበረችው የመርዌ ንግሥታት የማዕረግ መጠሪያ ናት። ጃንደረባው የእኛ ነው ስንል ይህንን አውቀን እንበል።)

ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ይኼኛው የራሴን ወገን ይመለከታል። ማቴዎስ 28 ላይ ያለው «ሂዱ» በግሪኩ ቀጥተኛ ትእዛዝ አይደለም፤ «እየሄዳችሁ» ማለት ነው፤ ስለዚህ መሄድ ግዴታ አይደለም የሚሉ አሉ። እኔንም ይረዳኛል ብለው ይጠቅሱልኛል። አይረዳኝም። ዋናው ግሥ «ደቀ መዛሙርት አድርጉ» የሚለው መሆኑ እውነት ነው፤ ያ የግሥ ዓይነት ግን ከትእዛዝ ግሥ ፊት ሲቆም የትእዛዙን ኃይል ይዋሳል። መሄዱ አለ። የገበያዋን ልጅ ለማክበር ብዬ ቃሉን አልሸራርፍም።

የዕለት ተዕለት ተልእኮ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ያ የሜኖናውያን ሥራ የወለዳት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ተዘጋች፤ ሕንጻዎቿ ተወረሱ፤ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ። ምእመናኗ ያኔ 5,000 አካባቢ ነበሩ። ኅብረቱ ወደ ሳሎን ገባ፤ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሰው እየተሰበሰበ ጸለየ፤ ብዙ ቦታ የመሩት ሴቶች ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ነበር። ስደትን አላሞግስም፤ የታሰረ ሰው ቤተሰብ ምን እንደሚከፍል አውቃለሁ። ግን አጥሩ ሲነጠቅ ሥራው በጎረቤት በኩል መቀጠሉን ልብ በሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ይከፋኛል። ገንፎው ማጥመጃ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ ሳሉ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ፣ ወንጌልን ከልማት ለይታችሁ ሰውን ለሁለት አትክፈሉት ብላ ሞግታለች። ያን ደብዳቤ እርዳታን ለስብከት መደለያ ለማድረግ የሚጠቅሱት ሰዎች አጣመውታል። ሙስሊም ጎረቤትህ ምንም ባይጠይቅህና መቼም ባያምንህ ለቅሶው ላይ ትቀመጣለህ፤ ጎረቤትህ ነውና።

ከልጅቷ ጋር ካወራን በኋላ ጉዳዩን ለአጥቢያችን ሽማግሌዎች አቀረብኩ። ባለፈው እሑድ ወደ ፊት ጠርተዋት፣ ለመንገደኛ እንደምናደርገው እጅ ጭነው ጸለዩላት፤ ወደ ታይዋን ገበያ ላኳት። ሰኞ ሱቋን ከፈተች። አሁን የቀረን የእናቷ ነገር ነው። እህቶች ተራ ገብተው ሊያስታምሙላት ተስማምተዋል፤ ረቡዕና ቅዳሜ ግን ገና ሰው አላገኘንም።