የሴፕቲክ ታንክ ክዳንን በአበባ መከለል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ግቢ መሃል የተጋደመ የሴፕቲክ ታንክ ክዳን እይታ ያበላሻል። ከዓመት ዓመት በሚቆዩ አበቦች መከለል ጥሩ መላ ነው፤ ችግሩ ብዙዎቻችን መከለልንና መድፈንን አንለይም።

«ዙሪያውን በአበባ መክበብ ነው»

ክዳኑን ተከትሎ የተተከለ ክብ አበባ እንደ ፎቶ ፍሬም ነው፤ ያላየውንም ሰው «እዩት» ይለዋል። መደቡን ሰፋ፣ ቅርጹንም ወልገድ አድርጉትና ክዳኑ ወደ ጥግ ይቅር። ተክሉ የሚበዛው እናንተ በምታዩበት በኩል ነው። ረጅም ቁጥቋጦም አያስፈልግም፤ ከ5 ሜትር ላይ ወንበር ይዞ ለተቀመጠ ሰው 50 ሳንቲሜትር የሚሆን አበባ ከኋላው ያለውን 3 ሜትር ያህል መሬት ይጋርድለታል። ካላመናችሁ በዚያው ቁመት ጥቂት እንጨት ተክላችሁ፣ ጨርቅ ወጥራችሁ፣ ሄዳችሁ ተቀመጡ። እኔ ችግኝ ከመግዛቴ በፊት ሁሌም እንዲህ ነው የማደርገው።

«አፈር ደልድዬ ላዩ ላይ ብተክልስ?»

አይሆንም። ታንኩ በየጥቂት ዓመቱ ይመጠጣል፤ ያኔ አበባችሁ በአካፋ ይነሳል። ፍሳሹ ወደ መሬት በሚሰርግበት መስመር ላይም ተጨማሪ አፈር መከመር አየር ያሳጣዋል፤ የዛፍ ሥር ደግሞ ቱቦ ውስጥ ይገባል። እዚያ የሚሆነው ሥሩ ጥልቅ ያልሆነ አበባና ሣር ብቻ ነው። አትክልት አትዝሩበት፤ ስትቆፍሩም ጓንት አድርጉ። ክዳኑ ላይ የግድ አንድ ነገር ካማራችሁ በአንድ እጅ የሚነሳ የአበባ ማስቀመጫ ይበቃል። የተሰነጠቀ ክዳን ከሆነ ግን አበባውን ተዉትና መጀመሪያ ክዳኑን አስቀይሩ፤ ሰው ውስጡ ሊወድቅ ይችላል።

«ከሥሩ ፍሳሽ ስላለ ውሃ አይፈልግም»

እንዲያውም ታንኩ ላይ ያለው አፈር ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል።

«አንዴ ከተተከለ አለቀ»

በመጀመሪያው ዓመት ተክሉ ጉልበቱን ሥር ላይ ነው የሚያውለው፤ መደቡ የሚሞላው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። እስከዚያ ክፍተቱን ወቅታዊ አበባ ይሙላው እንጂ አጠጋግታችሁ አትትከሉ። ብዙዎቹ በእረፍት ወቅታቸው እስከ መሬት ስለሚደርቁ ቅጠላቸው የማይረግፍም ቀላቅሉ። ናና ግን ይቅርባችሁ፤ መደቡን ብቻውን ይወርሰዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከቤቱ ግድግዳ እስከ ክዳኑ ያለውን ርቀት ለክታችሁ ጻፉት። መጣጩ መኪና በር ላይ ቆሞ ሞተሩ እየጮኸ፣ ቅጠል እየገለጡ ክዳን መፈለግ ያናድዳል።