ራውተር ልትገዙ ነው? ሰው ሁሉ የሚለው እና እውነታው

ኢንተርኔት በተንቀራፈፈ ቁጥር ተጠያቂው ራውተሩ ይሆናል። «አርጅቷል፣ ሌላ ይገዛ» ይባላል። ጎረቤት ይጠየቃል፣ ሱቅ ይኬዳል፣ ብዙ ብር ይወጣል። አዲሱ ዕቃ ተሰክቶም ቪዲዮው እንደ ድሮው ይቆማል። ከአፍ ወደ አፍ ከሚዞሩት ምክሮች ብዙዎቹ የተሳሳቱ ናቸው። እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ራውተር ከመመረጡ በፊት መስመሩና ቤቱ ይታዩ። ምክንያቱን በየተራ ላስረዳ።

«አዲስ ራውተር ከገዛሁ ኢንተርኔቴ ይፈጥናል»

ራውተር ፍጥነት አያመርትም። በመስመሩ የገባለትን ተቀብሎ ለስልኩ፣ ለላፕቶፑና ለቴሌቪዥኑ ያከፋፍላል። የ10 ሜጋ ጥቅል ያለው ሰው ከገበያው ሁሉ ውዱን ራውተር ቢሰካም ከ10 ሜጋ በላይ አያገኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ ለዩ። ላፕቶፑን በኬብል ቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኙና ፍጥነቱን ለኩ። ከዚያ ኬብሉን ንቀሉና እዚያው ራውተሩ አጠገብ ሆናችሁ በዋይፋይ ለኩ። በመጨረሻ መኝታ ቤት ገብታችሁ ድገሙት። በምትለኩበት ሰዓት ሌላው የቤቱ ሰው ቪዲዮ እንዳይከፍት ንገሩት። በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው የመስመሩ ነው። ራውተር ከመቀየር ወደ አገልግሎት ሰጪው መደወል ይቀድማል፤ ለኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥሩ 994 ነው። በኬብል ጥሩ ሆኖ ራውተሩ አጠገብ በዋይፋይ ከወረደ ያኔ ራውተሩን ጠርጥሩ። መኝታ ቤት ላይ ብቻ ከወደቀ ጉዳዩ የግድግዳና የአቀማመጥ ነው።

በስልክ ሽቦ፣ ማለትም በኤዲኤስኤል የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዚህ መስመር ፍጥነት ቢበዛ 24 ሜጋ አካባቢ ነው፤ ከቴሌ ጣቢያው በራቃችሁ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ሽቦው የተቀጣጠለበት ቦታ ውሃ ከገባበትም ይቆራረጣል። ክረምት ላይ የሚብስ መቆራረጥ ካያችሁ ሽቦውን አስፈትሹ።

ብዙ ሰው ደግሞ «10 ሜጋ እየከፈልኩ ዳውንሎዱ 1.2 ብቻ ያሳየኛል» ብሎ ያማርራል። ያ ትክክለኛው ፍጥነት ነው። ጥቅሉ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ኮምፒውተሩ ፋይል ሲያወርድ የሚቆጥረው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10ን ለ8 ማካፈል ነው።

«አንቴና የበዛበት ይሻላል»

ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው ይህ ነው። ግን ራውተር የሚያሰራጨው ኃይል በየአገሩ ሕግ ተወስኗል፤ አንቴና ስለተጨመረ ብቻ ወሰኑ አይታለፍም። ደግሞ ግንኙነቱ የሁለት ወገን ነው። ራውተሩ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ቢሆን እንኳ ስልካችሁ የሚመልስለት በደካማ ድምፅ ነው። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ምንም የማይከፈተው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። አራት አንቴና ያለው ብዙው የቤት ራውተር ሁለቱን ለ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሁለቱን ለ5 ጊጋኸርዝ ያውላቸዋል። ለተራ ቤተሰብ ይህ ይበቃል። አንቴናው ቀጥ ብሎ ሲቆም ሞገዱ በብዛት ወደ ጎን ይሄዳል። ቤታችሁ ፎቅ ካለው አንዱን አጋድሙትና ልዩነት ካለ እዩ።

«ካርቶኑ 1200 ይላል፣ ስለዚህ 1200 ሜጋ ይሰጠኛል»

ይህ ቁጥር ድምር ነው። ኤሲ1200 የሚባለው ራውተር በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ 867 ሜጋ ተብሎ ሁለቱ ተደምረው የተጠጋጉበት ነው። ስልካችሁ በአንድ ጊዜ የሚያገኘው አንዱን ነው። ያም ቢሆን በሙከራ ክፍል የተሰላ ጣሪያ ነው፤ ግድግዳ፣ ርቀትና የጎረቤት ዋይፋይ ሲጨመሩበት ብዙ ይወርዳል።

ከዚያ ይልቅ ከኋላ ያለውን የኬብል መሰኪያ ፍጥነት ጠይቁ። የቲፒ ሊንክ አርቸር ሲ50 እና አርቸር ሲ6 ሁለቱም 1200 ይባላሉ። የመጀመሪያው መሰኪያዎች ግን 100 ሜጋ ብቻ ያሳልፋሉ፤ የሁለተኛው እስከ 1000 ይደርሳሉ። ጥቅላችሁ ከ100 ሜጋ በታች ከሆነ የመጀመሪያው አይጎዳችሁም፤ ልዩነቱን ለሌላ ነገር አውሉት። በላይ ከሆነ ግን የምትከፍሉበት ፍጥነት በሩ ላይ ይቀራል።

«ራውተር ሁሉ አንድ ነው፣ የትም ይሠራል»

ሰው በጣም የሚከስረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

ወደ ቤታችሁ የሚገባው መስመር ምንድን ነው? በስልክ ሽቦ ከሆነ ቀጭኗን የስልክ ገመድ የሚቀበል፣ ሞደም በውስጡ ያለው የኤዲኤስኤል ራውተር ያስፈልጋል። ይህ መሰኪያ የሌለውን ራውተር ገዝታችሁ ከመጣችሁ ለብቻው ምንም አይሠራም፤ ከነባሩ ሞደም ኋላ ነው የሚሰካው። ፋይበር ከሆነ አገልግሎት ሰጪው የሰጣችሁ ሳጥን አለ። እሱ አይጣልም። አዲሱ ራውተር ከዚያ ሳጥን በኬብል ይቀጠላል። የፋይበሩን ቀጭን ገመድ ራሳችሁ አትንቀሉ፣ አጥብቃችሁም አትቆልምሙት፤ ውስጡ መስታወት ነው። በሲም ካርድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ዓይነት ዕቃ ነው፤ ራውተሩ የአገራችንን የኔትወርክ ባንድ (የሞባይል ኔትወርኩ የሚሠራበትን የሞገድ ክልል) መቀበሉንና ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ አለመቆለፉን አረጋግጡ።

ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር ዘመድ የሚያመጣውም ዕቃ እዚሁ ጋር ይነሳል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቤት ኢንተርኔት የሚገባው በቴሌቪዥን ኬብል ነው። የኬብል ኩባንያዎቹ የሚያከራዩት ሳጥን ለዚያ የተሠራ ስለሆነ እዚህ የሚገጥምበት መስመር የለም። ዘመዳችሁ ሻንጣ ከማሰሩ በፊት የዕቃውን የኋላ ፎቶ ላክልኝ በሉት። የአዳፕተሩን ጽሑፍም ያንብብላችሁ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ እዚህ ይሠራል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ሲሰካ ይቃጠላል። በሻንጣ ውስጥ ቦታ ይዞ የመጣ ስጦታ ከንቱ ሲቀር ያሳዝናል፤ አንድ ፎቶ ያድነዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ራውተር ሲያስቸግር ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ ሪሴት ማድረግ ተለምዷል። በዚያን ጊዜ የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስወርድ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ እሱ ካልተሞላ ኢንተርኔቱ አይመለስም። መጀመሪያ ነቅሎ መሰካት ይሞከር። ሪሴት ግድ ከሆነም ዩዘርኔሙና ፓስወርዱ ወረቀት ላይ ተጽፎ እጃችሁ ላይ ይኑር።

«ስሙ ላይ 5ጂ ስለሚል የሞባይሉ 5ጂ ነው»

አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2022 አዲስ አበባ ላይ የጀመረው 5ጂ አምስተኛው የሞባይል ትውልድ ነው። ዋይፋያችሁ ስም ጫፍ ላይ ያለው 5ጂ ግን የሞገዱን መጠን፣ 5 ጊጋኸርዝን ነው የሚያመለክተው። ይህኛው ሳሎን ውስጥ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ሲበዛ ግን ቶሎ ይደክማል። 2.4 ጊጋኸርዝ ቀርፋፋ ቢሆንም ራቅ ብሎ ይደርሳል። ችግሩ የኮንዶሚኒየም ጎረቤት ሁሉ እሱ ላይ መጨናነቁ ነው። ሁለቱንም የሚሰጥ ራውተር ግዙ። ዛሬ አንዱን ብቻ የያዘ ርካሽ ራውተር መግዛት አያዋጣም ባይ ነኝ።

«ኃይለኛ ራውተር ከተገዛ ሰርቪስ ቤቱ ድረስ ይደርሳል»

ዋናው ቤት ላይ ያለ ራውተር ግቢውን አቋርጦ ሰርቪሱን እንዲያዳርስ መጠበቅ የተለመደ ነው። በመሃል ያለውን ግን ቁጠሩት፦ የብሎኬት ግድግዳ፣ ውሃ የሞላ ሮቶ፣ የቆርቆሮ አጥር ወይም ጣሪያ። ቆርቆሮ ሞገድን መልሶ ይወረውራል፣ ውሃ ይውጠዋል። ብረት የበዛበት የፎቅ ወለልም እንደዚሁ ነው። እንኳን ሰርቪስ፣ ላይኛው ፎቅ መድረሱም ያጠራጥራል።

መጀመሪያ የሚደረገው ነፃ ነው። ራውተሩን ከቡፌው ውስጥና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጡት። ወደ ቤቱ መሃል፣ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት። ከማይክሮዌቭም ይራቅ፤ ማይክሮዌቭ የሚሠራው እዚያው 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው።

ያ ካልበቃ ብዙ ሰው ሶኬት ላይ የሚሰካውን ሲግናል ማራዘሚያ ይገዛል። ርካሹ ማራዘሚያ በአንዱ ሞገድ እየተቀበለ በዚያው መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። በዚያ ላይ ሲግናል የሌለበት ቦታ ላይ ከተሰካ የሚያራዝመው ነገር የለውም። እኔ የምመክረው ኬብል ነው። ለውጭ የሚሆን የኔትወርክ ኬብል እስከ ሰርቪሱ ይዘርጋ፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል። ጫፉ ላይ ከቁም ሳጥን ያወጣችሁትን አሮጌ ራውተር ስኩ። የእሱን አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበትን ቁጥር) ከዋናው የተለየ አድርጉ፣ ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ የሚለውን አጥፉ፣ ኬብሉን ላን (LAN) ከሚለው መሰኪያ አገናኙት። ለአዲስ ዕቃ የታሰበው ብር ኪሳችሁ ይቀራል። ኬብል መዘርጋት የማይቻልበት ትልቅ ቤት ከሆነ ሜሽ የሚባሉት ተደጋጋፊ ራውተሮች ይሻላሉ፤ ውድ መሆናቸው ግን አይካድም።

«መብራት ከጠፋ ምን ይደረጋል?»

ብዙ ይደረጋል። ራውተር የሚበላው ኃይል በጣም ጥቂት ነው፤ 12 ቮልት 1 አምፔር የሚል አዳፕተር ቢበዛ 12 ዋት ነው የሚሰጠው። ለራውተር ተብሎ የተሠራ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ለሰዓታት ሊያቆየው ይችላል። ፋይበር ያላችሁ ግን ሳጥኑም ራውተሩም ዩፒኤሱ ላይ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከጠፋ ሌላው ብቻውን ዋጋ የለውም። ስለዚህ ራውተር ስትመርጡ ቮልቱን እዩ። ብዙዎቹ ዩፒኤሶች የሚሰጡት 9 ወይም 12 ቮልት ነው።

አዳፕተር ሲቃጠል «ጫፉ ገጠመ» ተብሎ የተገኘው ሁሉ አይሰካ። ቮልቱ እኩል ይሁን፤ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። የመብራቱ መዋዠቅ ለሚያስቸግራችሁም ተራ ዲቫይደር አይከላከልም፤ ፍሪጅ ላይ እንደሚደረገው መከላከያ ያለው ይሁን።

«ፓስወርድ ስላለው ደህና ነው»

ራውተር ሁለት ፓስወርድ አለው። አንዱ ለእንግዳ የምትነግሩት የዋይፋዩ ነው። ሌላው የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ የሚከፍተው ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥ ከፋብሪካ እንደመጣ «አድሚን» ሆኖ ይቀራል። ዋይፋይ የሰጣችሁት ማንኛውም ሰው ያን ገጽ ሊከፍት ይችላል። ራውተሩን ባበራችሁበት ቀን ይህን ፓስወርድ ቀይሩት።

የዋይፋይ ፓስወርድ ሳይጻፍ በአንድ ቁልፍ ወይም በፒን ቁጥር የሚያገናኘውን፣ ደብሊውፒኤስ የሚባለውንም አጥፉ። የእሱ ባለ 8 አሃዝ ፒን የሚፈተሸው ለሁለት ተከፍሎ ስለሆነ 11,000 ያህል ሙከራ እንደሚበቃው እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ሆኗል። የዋይፋዩን ደህንነት (የመቆለፊያውን ዓይነት) ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 ላይ አድርጉ። የዋይፋዩን ስም መደበቅ ግን ጥበቃ አይደለም፤ በነፃ ፕሮግራም ይገኛል።

«እኔ ምን አለኝና ይሰርቁኛል?» ለሚል ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2018ቱን ነገር ልንገረው። ቪፒኤንፊልተር የተባለው ቫይረስ በ54 አገሮች ከ500,000 በላይ መሣሪያዎች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አብዛኞቹ የቤትና የአነስተኛ ቢሮ ራውተሮች ነበሩ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ሰዉ ራውተሩን አጥፍቶ እንዲያበራ እስከመጠየቅ ደርሷል። መድኃኒቱ የአምራቹ አፕዴት ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩን ሞዴል በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። የመጨረሻው አፕዴት ዓመታት ካለፉት ርካሽ ነው ተብሎ አይወሰድ።

«የመጨረሻው ሞዴል ለወደፊቱ ያዋጣል»

የአዲሱ የዋይፋይ ትውልድ፣ የዋይፋይ 7፣ የማረጋገጫ ምልክት የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2024 ነው። ስልካችሁና ላፕቶፓችሁ ዋይፋይ 7 ካልሆኑ ግን በራሳቸው ደረጃ ነው የሚሠሩት። ዛሬ ለብዙው ቤት ዋይፋይ 6 በቂ ነው፤ በተለይ ብዙ ስልክ በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት ቤት ልዩነቱ ይታወቃል። ጥቂት ሰው ላለበት ቤትና ለትንሽ ጥቅል ዋይፋይ 5ም አያሳፍርም።

«ያገለገለ ራውተር አይገዛም»

ይገዛል። አፕዴቱ ካልተቋረጠ፣ የራሱ አዳፕተር ካለው፣ ከመስመራችሁ ጋር ከገጠመ ምንም ክፋት የለውም። ሱቁ ውስጥ ሲያበሩላችሁ መብራቱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ ስልካችሁን አገናኙና ማስተካከያ ገጹ መከፈቱን እዩ። ለጥቂት ቀን መመለስ የሚፈቅድ ሻጭ ፈልጉና ደረሰኝ ላይ አስጽፉት። ቤት ስትደርሱ የቀድሞው ባለቤት ያስቀመጠው እንዲጠፋ መጀመሪያ ሪሴት አድርጉት፤ ከዚያ የመስመሩን ዩዘርኔምና ፓስወርድ አስገቡ።