አይብ፣ አጓትና የማዕድን ጭቃ፦ ፖሊመር ለዝቃጭ ምን ይሠራል?

አንድ ቶን የወርቅ ድንጋይ ተፈጭቶ የሚወጣው ወርቅ ብዙ ጊዜ ጥቂት ግራም ነው። ቀሪው ድንጋይስ? እንደ ዱቄት ደቆ፣ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ፣ በቱቦ ወደ ትልቅ ግድብ ይፈሳል። የማዕድን ዝቃጭ የሚባለው ይሄ ነው። በቤታችን ቋንቋ አተላ ብንለውም ያስኬዳል። ልዩነቱ፣ የጠላ አተላ ለከብት ይሰጣል። የማዕድኑን አተላ ግን የሚፈልገው የለም። ማዕድኑ አልቆ ሠራተኛው ወደየቤቱ ከሄደ በኋላም ጠባቂ ይፈልጋል።

ሐዋሳ የማዕድን ከተማ አይደለችም። ግን የለገ ደንቢ ወርቅና የቀንጢቻ ታንታለም ያሉበት የጉጂ ምድር ከእኛ ወደ ደቡብ ነው፤ ሩቅ አገር አይደለም። ደግሞም የሐዋሳ ሰው አንድ ነገር በደንብ ያውቃል፤ ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባል፣ የሚወጣ የለም። የገባ ነገር ይቀራል ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን ወደ ውጭ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም የተነደፈውም ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ውሃውን ሲመልስ ዝቃጭና ጨው ይተርፈዋል። ዝቃጩን ከውሃው ለመለየት በየአገሩ የሚጠቀሙበት ነገር ፖሊመር ነው። በማዕድን ቦታም ሥራው ያው ነው፤ መጠኑ ብቻ እጅግ ይሰፋል።

ለመሆኑ ጭቃው ለምን በራሱ አይዘቅጥም? አሸዋው ይዘቅጣል። ችግሩ ያለው ደቃቁ ሸክላ ላይ ነው። ቅንጣቶቹ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ የሚያንሱ አሉ። ላያቸው ላይ አሉታዊ ኤሌክትሪክ ስላለ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ተንሳፈው ይቆያሉ። ሊጥ አድሮ እርሾው ከላይ ሲጠል አይተናል፤ ለሊጥ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ሸክላ የበዛበት ዝቃጭ ግን ለዓመታት እንደ እርጎ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል።

ፖሊመር ማለት ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ተሰክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። በማዕድን ሥራ በብዛት የሚታወቀው ፖሊአክሪላማይድ ነው። ሰንሰለቱ በአንድ ጫፉ አንዱን ቅንጣት፣ በሌላው ጫፉ ሌላውን ይይዛል። ቅንጣቶቹ ተሰብስበው እብጥ እብጥ ይላሉ፤ ይከብዳሉ፤ ይወርዳሉ። አሬራ እሳት ላይ ተጥዶ አይቡ ሲሰበሰብና አጓቱ ሲለይ ያየ ሰው ነገሩን አይቶታል ማለት ይቻላል። (በአይቡ ላይ ሥራውን የሚሠሩት ሙቀትና አሲድ ናቸው፤ ምሳሌው ለዓይን እንጂ ለኬሚስት አይደለም።) የሚገርመው መጠኑ ነው። ለአንድ ቶን ደረቅ ዝቃጭ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 50 ግራም ይበቃል። አንድ እፍኝ እንኳ አይሞላም!

ፖሊመሩ በአብዛኛው የሚጨመረው ቲክነር በሚባል ሰፊ ክብ ገንዳ ውስጥ ነው። ጭቃው መሃል ይገባል፣ ወፍሮ ከታች ይወጣል፤ የጠራው ውሃ በዳር ሞልቶ ፈስሶ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ከ100 ኪሎ ቀጭን ዝቃጭ 60 ወይም 70 ኪሎው ውሃ ሊሆን ይችላል። በቲክነር ካለፈ በኋላ ከሚወጣው ከእያንዳንዱ 100 ኪሎ ውሃው ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። በማጣሪያ ጨርቅ ተጨምቆ ከሚወጣው 100 ኪሎ ደግሞ ውሃው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ብቻ ነው። ያኔ በገልባጭ መኪና ተጭኖ እንደ አፈር ይከመራል። ሌላው መንገድ ፖሊመሩን ቱቦው ጫፍ ላይ፣ ዝቃጩ ሊፈስ ሲል መጨመር ነው። የካናዳዋ አልበርታ የዘይት አሸዋ አምራቾች ይህን ይሠሩበታል።

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ምክንያቱም በግድብ ውስጥ ሰው የሚገድለው ውሃው ነው። በውሃ የጠገበ ዝቃጭ ጠንካራ መስሎ ይቆይና በቅጽበት እንደ ፈሳሽ ይሄዳል። በጣሊያን ስታቫ እ.ኤ.አ. በ1985 ግድብ ተደርምሶ 268 ሰው ሞተ። በደቡብ አፍሪካ ሜሪስፕሩት እ.ኤ.አ. በ1994 ከከባድ ዝናብ በኋላ 17 ሰው ሞተ። በብራዚል ብሩማዲኞ እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2019 የጠፋው የ270 ሰው ሕይወት ነው። ያ ግድብ ዝቃጭ መቀበል ካቆመ ዓመታት አልፈውት ነበር። ውስጡ ግን አልደረቀም። ከዚህ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፍ የዝቃጭ አያያዝ መመዘኛ የወጣው።

ፖሊመር ግን አጠቃቀም ይፈልጋል። ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ባንዴ ከተደፋ ይጓጉላል፤ አጥሚት ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ቀስ ተብሎ ተነስንሶ፣ ተማስሎ፣ ጊዜ ተሰጥቶት መሟሟት አለበት። ከመጠን በላይ በኃይለኛ ፓምፕ ከተመታ ሰንሰለቱ ይበጣጠስና ብሩም አብሮ ይሄዳል። ከበዛ ደግሞ ይጣበቃል፣ የማጣሪያውን ጨርቅ ይደፍናል። ወለል ላይ ፈስሶ ውሃ የነካው እንደሆነ እግዜር ያውጣህ! ከሳሙና የባሰ ያንሸራትታል። ዓይነቱም ይለያያል። ለከተማ ፍሳሽ ዝቃጭ ብዙ ጊዜ የሚሆነው አዎንታዊ ኤሌክትሪክ ያለው ነው፤ ለማዕድን በአብዛኛው አሉታዊው። ስለዚህ ከፍሳሽ ማጣሪያ የተረፈን ከረጢት ወስዶ ማዕድን ላይ መሞከር አያዋጣም። አስቀድሞ የራሱን ጭቃ በመስታወት ሲሊንደር ቀድቶ፣ ጠብታ ጨምሮ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚጠል ሰዓት ይዞ ማየት ነው። ርካሽ ሙከራ ነው፤ ሆኖም ብዙ ገንዘብ ያድናል።

አንድ ነገር መሸፋፈን የለበትም። ፖሊመር ጭቃና ውሃን ይለያል እንጂ መርዝ አያጠፋም። ወርቅ በሳይናይድ በሚወጣበት ቦታ ሳይናይዱን ለማርከስ ሌላ ሥራ ያስፈልጋል። ፖሊአክሪላማይድ ራሱ ብዙም ጉዳት የለውም፤ የተሠራበት አክሪላማይድ ግን ነርቭ ይጎዳል፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎም ይጠረጠራል። ለዚህ ነው በዱቄቱ ውስጥ የሚቀረው መጠን ቁጥጥር የሚደረግበት። ከቲክነሩ ዳር የሚፈሰው ውሃ እንደ ምንጭ ኩልል ብሎ ሊታይ ይችላል። የሚመለሰው ግን ወደ ወፍጮው ነው፤ ወደ ከብት ገንዳ አይደለም።