ዘመድ ጀልባዬ ላይ ሲያርፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለንደን ውስጥ ናሮውቦት ላይ መኖር ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ናሮውቦት ከቦይ ቦይ የሚሄድ ረጅም የብረት ጀልባ ነው። ስፋቱ ሁለት ሜትር ከምናምን፣ የእኔው ርዝመቱ 17 ሜትር ይሆናል። ከሩቅ ሲያዩት ውሃ ላይ የተኛ አንበሳ አውቶቡስ ይመስላል። መተላለፊያውም ያው እንደ አንበሳ ነው፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይለጠፋል።

ባለፈው ሐምሌ አክስቴ እታለም ከአዲስ አበባ መጥተው ሦስት ሳምንት አብረውኝ ሰነበቱ። ከመምጣታቸው በፊት የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ሲታመስ ከረመ። ጀልባ ረግጦ የማያውቅ ሁሉ የጀልባ አዋቂ ሆነ። እኔም ብሆን አውቃለሁ ብዬ የተሳሳትኩት አለ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ወይ ደህይቷል፣ ወይ ከብሯል»

አጎቴ «ልጁ ኪራይ አቅቶት ውሃ ላይ ወጣ» አሉ። በዚያው ቀን የአክስቴ ልጅ «ያችት ገዝቶ ዝም ይለናል?» ብላ ጻፈች። ሁለቱም አይደለም። ከለንደን ቤት ኪራይ ይረክሳል፣ እሱ እውነት ነው። ግን የፈቃዱ ክፍያ ለእኔ ዓይነቱ ጀልባ በዓመት ከ1 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ቋሚ ማቆሚያ የሌለን ሰዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ተጨማሪ ተጥሎብናል። ኢንሹራንስ አለ፣ በየአራት ዓመቱ የደህንነት ምርመራ አለ፣ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ሆዱን ሬንጅ ይቀባል። ናፍጣውንና ጋዙን አልቆጠርኩም። እንግዲህ ደሃም ሀብታምም ያልሆነ ሰው እንዴት እንደሚኖር ታውቃላችሁ።

«አድራሻህን ላክልን»

አድራሻ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይችልም፣ አሳማኝ ምክንያት ከሌለው በቀር። ስለዚህ እየተጓዝን ነው የምንኖረው። ፖስታዬ የሚመጣው ጓደኛዬ ቤት ነው። ዘመድ ሲመጣ ከሄትሮው የት እንደምወስደው ቁርጡን የማውቀው ቀኑ ሲቃረብ ነው።

እታለም ያረፉት ሊትል ቬኒስ የሚባለው ሰፈር ነበር። ከቀናት በኋላ ጠዋት ሻይ ሲጠጡ በመስኮት አዩና «ያ ዛፍ የት ሄደ?» አሉ። ዛፉ እዚያው ነው፣ እኛ ነን የሄድነው። እሳቸው ገና ተኝተው ሳለ ገመድ ፈትቼ ተነስቼ ነበር።

«ይገለበጣል፣ ይሰምጣል፣ ያስመልሳል»

ይህ ስጋት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እታለም አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በጀልባ ሲሄዱ ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶበት አንጀታቸው እስኪወጣ አስመልሷቸዋል። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ሲባል ሎሚ ይዘው ነው። ለንደንም ሎሚ ይዘው መጡ።

ቦይ ግን ጣና አይደለም። ጥልቀቱ አብዛኛው ቦታ ከወገብ እስከ ደረት ቢሆን ነው፣ ማዕበል የለውም፣ የፍጥነት ወሰኑም በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩን በእግሩ ፈጠን ብሎ የሚሄድ ሰው ይቀድመናል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሎክ የሚባል፣ ጀልባውን እንደ አሳንሰር የሚያወርድ የሚያወጣ፣ በከባድ በሮች የሚዘጋ የውሃ ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ ውሃው ሲወርድ የጀልባው ጭራ ከበሩ ሥር ያለው የድንጋይ ደፍ ላይ ከተንጠለጠለ በደቂቃዎች ውስጥ መስመጥ ይመጣል። በተረፈ ውሃው ቆሻሻ ነው፣ በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። የቆሰለ እጅ እዚያ ውስጥ አይነከርም፣ አለቀ።

«ከአገር ቤት የመጣ ሰው አይችለውም»

እዚህ ላይ ሁላችንም ተሸወድን፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ። እታለም እስኪመጡ ድረስ ስለ ውሃው እንቅልፍ አጥቼ ነበር። የጀልባዬ ታንከር 450 ሊትር ይይዛል። ሲያልቅ ቧንቧ ያለበት ቦታ ድረስ ነድቶ፣ ተራ ጠብቆ፣ በጎማ መሙላት ነው። ከእሳቸው በፊት የመጣው እዚሁ ለንደን ፍላት ውስጥ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ በሁለት ቀን ተኩል ጨረሰው። ሻወር ውስጥ ገብቶ ይዘፍናል።

እታለም ግን የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር፣ ሮቶ የሚያዳምጡ፣ ጄሪካን በመስመር የሚደረድሩ። የመጀመሪያው ቀን «ታንከሩ ስንት ይይዛል? መቼ ሞላኸው?» ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ እንግዳ የለም። ሳፋ አስገዙኝ። ሰሃን በሳፋ፣ ገላ በጆግ። ዐሥር ቀን ቆየ። መብራቱም እንደዚሁ። ሶላሩ ሐምሌ ላይ አይታማም፣ ቢሆንም ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ጎረቤት እንዳይረበሽ ጀልባው ቆሞ ሳለ ሞተር ማስነሳት አይፈቀድም። ባትሪው ከደከመ ደከመ ነው። «መብራት ሄደ በለኛ» አሉና ሻማ አበሩ፣ ያለ አንዳች ትዝብት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ አይሆንም። ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይጎትታል፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው የእኔ ኢንቨርተር የሚችለው 2 ሺህ ነው። እንጀራውን ከሐበሻ ሱቅ ገዛን።

የቸገራቸው ማናችንም ያላሰብነው ነገር ነበር፦ መውረጃው። ወደ ውስጥ የሚያስገቡት ሦስት ደረጃዎች ቁመታቸው ሌላ ነው፣ ጉልበታቸው እንቢ አለ። ዱካ መሃል አስገባሁና ተቃለለ። ዘመድ የምትጋብዙ የጀልባ ሰዎች፣ ስለ ማዕበል ሳይሆን ስለ ጉልበት ጠይቁ።

«ከሰሉ ከቀላ ምንም አይልም»

ይሄኛው የሚያስቅ አይደለም። እታለም ጀበናና ትንሽ የከሰል ምድጃ በሻንጣ ይዘው መጥተዋል። ሦስተኛው ቀን እኔ ዳቦ ልገዛ ወጣ ስል ከሰሉን የኋላው መድረክ ላይ አቀጣጠሉ፣ እስኪቀላ ጠበቁ፣ ከዚያ ልክ ቤታቸው እንደሚያደርጉት ምድጃውን አንስተው ወደ ውስጥ አስገቡት። ስመለስ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ነው። እሳቸው ስልኬ የሚጮህ መስሏቸው ማስጠንቀቂያውን በነጠላ ጠቅልለው ትራስ ሥር ከተውታል።

እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸው፣ ምድጃውን አወጣሁ፣ ያለውን መስኮትና በር ሁሉ ከፈትኩ። ተቆጡ። «ጭስ እኮ የለውም! ቀልቷል!» አሉ። ችግሩ እሱ ነው። የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። የቀላ ከሰል ጭሱ ይጠፋል እንጂ ጋዙ አይጠፋም፣ የከሰመ የመሰለ ፍም እንኳ ይለቃል። አገር ቤት ክፍል ዘግተው ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎች ዜና አዲስ አይደለም። ጀልባ ደግሞ ከክፍልም የጠበበ ቆርቆሮ ነው። ማስጠንቀቂያውም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ግዴታ የሆነው በምክንያት ነው።

«ታዲያ ያንተ ምድጃ በከሰል አይደል እንዴ የሚነደው?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የእኔው የብረት ምድጃ ነው፣ በሩ ይዘጋል፣ ጋዙ በጭስ ማውጫው ወደ ውጭ ይሄዳል። ጭስ ማውጫው ካልተጠረገ እሱም ያው ገዳይ ነው። በስተመጨረሻ ቡናው መስኮትና በር ተከፍቶ በጋዝ ምድጃ ተቆላ። እጣኑን ቡናው እንደወረደ በጋለው መቁያ ላይ ጣል አደረጉት። ሽታው ዳር ላይ የቆሙትን ሦስት ጀልባዎች አዳረሰ፣ ጎረቤቶቼም ስኒ ይዘው መጡ። ማስጠንቀቂያው ትራሱ ሥር አልተመለሰም።

«እንግዳ ቁጭ ይላል»

እኛ ዘንድ እንግዳ ውሃ እንኳ ተነስቶ አይቀዳም። እኔም በዚህ ግትር ነበርኩ። ግን ከሊትል ቬኒስ ተነስቶ እስከ ቴምዝ ወንዝ ዳር የሚዘልቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1820 የተከፈተው የሪጀንትስ ቦይ ከካምደን ጀምሮ 12 ሎክ አለው። ብቻዬን ስሆን መሪውን ትቼ እየወረድኩ፣ እየከፈትኩ፣ እየተመለስኩ ነው፤ አንዱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ካምደን ስንደርስ አጠገቡ ያለው ገበያ ምግብ ይዞ በቆመ ቱሪስት ሞልቷል። እታለም ለትንሽ ጊዜ አዩኝና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወረዱ። በሩ የሚከፈተው ረጅም የእንጨት ክንዱን ወደኋላ በመግፋት ነው። በእጅ ሳይሆን ጀርባን ሰጥቶ፣ እግርን መሬት ላይ ተክሎ፣ ቀስ ብሎ። ያንን ማንም ሳይነግራቸው አደረጉት። ውሃው እስኪስተካከል በሩ አይነቃነቅም፣ ከተስተካከለ ሕፃንም ይገፋዋል። አንዱ ቱሪስት ፎቶ አነሳቸው። «ቆሞ ከሚያይ አያግዝም?» አሉኝ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብለው።

የኢዝሊንግተን ዋሻ ግን 878 ሜትር ነው፣ ውስጡ ጨለማ። ያኔ ገብተው ቁጭ አሉና ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። የዕለቱን ሳይጨርሱ ወጣን።

«ሽንት ቤቱ ቀጥታ ወደ ውሃ ነው»

አይደለም። የእኔው ካሴት የሚባለው ዓይነት ነው፣ ከሥሩ 20 ሊትር የሚይዝ ሳጥን አለው። ለሁለት ሰው በየሁለት ሦስት ቀኑ ይሞላል፣ ከዚያ ለዚሁ ወደተሠራ መድፊያ ተወስዶ ይደፋል፣ ይታጠባል። ይህን እታለም እንዲያዩ አልፈለግሁም። ጎህ ሳይቀድ ነበር የምወጣው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ያዙኝ። «ምን ይዘህ ነው እንደ ሌባ የምትወጣው?» ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ማታ አዲስ አበባ ደወሉ። ስለ ለንደን ሲጠየቁ «ኧረ ተዉኝ፣ ፓርላማውንም ድልድዩንም አየሁ። ይልቅ ስሙኝ፣ ልጁ እኮ ሽንት ቤቱን እንደ ሻንጣ በጎማ እየጎተተ ነው የሚሄደው» አሉ። ግሩፑ ፀጥ አለ። ቆይቶ አጎቴ ጻፉ፦ «ሲሞላ ስንት ኪሎ ይሆናል?»

ከ20 ያልፋል አልኳቸው።