የንግድ ውል በሀዋሳ፦ አረቃቀቁና ሲጣስ የሚከተለው ሥርዓት

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ንግዷ ከአሞራ ገደል የዓሣ ግዥ አንሥቶ እስከ ቡና አቅርቦት፣ እስከ ሆቴል ግንባታ፣ እንዲሁም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ለተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ እስከሚቀርበው የምግብና የሠራተኛ ትራንስፖርት አገልግሎት ድረስ ይዘረጋል። ከዚህ ሁሉ ግብይት ከፊሉ በቃል፣ ከፊሉ በጽሑፍ የሚካሄድ ቢሆንም፣ ሁለቱንም የሚገዛው በዋናነት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ የነጋዴዎችንና የንግድ ማኅበራትን ጉዳይ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) ይጨምርበታል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1678 አንድ ውል እንዲጸና የተዋዋዮችን ችሎታና ጉድለት የሌለበት ፈቃድ፣ በበቂ ሁኔታ የተገለጸ፣ የሚቻልና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይ፣ እንዲሁም ሕግ የተለየ ፎርም ባዘዘ ጊዜ ያንን ፎርም ይጠይቃል። የጽሑፍ ፎርም የታዘዘው ለተወሰኑ ውሎች ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል፣ የዋስትናና የኢንሹራንስ ውል ከእነዚህ ይቆጠራሉ። እነዚህም በሚገደዱት ወገኖች ሁሉ ተፈርመው በሁለት ምስክሮች ካልተረጋገጡ አይጸኑም። ከዚህ ውጭ ሆቴሉ ከዓሣ አቅራቢው ጋር በቃል የተስማማው ስምምነትም ሕጋዊ ውል ነው። ድካሙ ያለው በማስረጃው ላይ ነው፦ የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ለያዘው ቃል ሙሉ ማስረጃ ሲሆን፣ የቃል ስምምነት ግን በምስክር ትውስታ ላይ ይንጠለጠላል።

ይሁን እንጂ ወረቀት መኖሩ ብቻ የሚበቃ አይደለም። ብዙ ነጋዴ ልብ የማይለው ነገር ውሉ ዝም ያለበት ቦታ ባዶ ሆኖ እንደማይቀር ነው፤ ሕጉ የራሱን መልስ ያስገባበታል፣ መልሱም ብዙ ጊዜ ነጋዴው ይሆናል ብሎ ከገመተው የተለየ ነው።

በራፖር ጸሐፊዎች እጅ ከሚዘጋጁት ውሎች አብዛኞቹ የሚያበቁት በአንድ ዓይነት አንቀጽ ነው፦ ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ይህን ያህል ብር ገደብ (መቀጫ) ከፍሎ፣ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 1889 እና 2005 መሠረት የጸና ይሁን። ቁጥሮቹ በቦታቸው ናቸው፤ 1731 በሕግ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ሆኖ እንደሚያስገድዳቸው ይናገራል፣ 1889 ተዋዋዮች የመቀጫውን ልክ አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ችግሩ የሚነሣው ከቀጣዩ ቁጥር 1890 ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት መቀጫው ለመዘግየት ወይም ለተጨማሪ ግዴታ ካልተወሰነ በቀር፣ ባለገንዘቡ (ግዴታው ሊፈጸምለት የሚገባው ወገን) ውሉም ይፈጸምልኝ፣ መቀጫውም ይከፈለኝ ብሎ ሁለቱን ባንድነት መጠየቅ አይችልም። ከአንዱ ውል ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረው አንቀጽ ግን ሁለቱንም ይጠይቃል፣ መቀጫው ለመዘግየት ይሁን ለጭራሽ አለመፈጸም ሳይለይ። ለእያንዳንዱ የዘገየ ቀን የሚታሰበውንና ውሉ ጨርሶ ሳይፈጸም ሲቀር የሚከፈለውን ለይቶ መጻፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ሳይለይ መቅረቱ ግን በችሎት ሰፊ ክርክር ይከፍታል።

የጊዜ ገደብም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምሳሌ አንድ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሠሪ በግንባታ ላይ ላለ ሆቴል ሥራውን በ45 ቀናት ሊያስረክብ ተዋዋለ እንበል። ቀኑ የሚቆጠረው ውሉ ከተፈረመበት ነው፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከገባበት ነው ወይስ የግድግዳው ልስን አልቆ ትክክለኛው ልኬት ከተወሰደበት? ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ልስን ሳያልቅ የተወሰደ ልኬት እንደማያስተማምን ያውቃል፤ ልስኑ ደግሞ የሆቴሉ ወይም የሌላ ሥራ ተቋራጭ ሥራ ነው። ውሉ ስለ ልስኑ ካልተናገረ በ46ኛው ቀን ሁለቱም ወገኖች ራሳቸውን ውል አክባሪ፣ ሌላውን ውል አፍራሽ ብለው ይነሣሉ። ጥሩ ውል የሚታወቀው የሥራውን ቅደም ተከተል በሚያውቅ ሰው እጅ መጻፉ ሲታይ ነው፤ የሕግ ባለሙያውም ከመጻፉ በፊት ባለሙያውን መጠየቅ ይኖርበታል።

ክፍያን በሚመለከት በብዛት የሚያሳስተው ቀብድ ነው። ቀብድ መሰጠቱ ውል ስለመደረጉ ማስረጃ ይሆናል፤ ነገር ግን በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ፣ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ከውሉ መውጣት ይችላሉ። በመሆኑም ሻጩን አጥብቄ አሰርኩት ብሎ ቀብድ የከፈለ ገዥ የመውጫ በር ከፍቶለታል ማለት ነው፤ የገበያው ዋጋ ከቀብዱ መጠን በላይ ሲጨምር ሻጩ በበሩ ሊያልፍ ይችላል። ይህን የማይፈልግ ተዋዋይ የሰጠው ገንዘብ ከዋጋው የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ እንጂ ከውሉ የመውጣት መብት የሚሰጥ ቀብድ አለመሆኑን በግልጽ ማስፈር አለበት። ዋስን በተመለከተ ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ያልተጠቀሰበት የዋስትና ውል በቁጥር 1922 መሠረት አይጸናም፤ ስለዚህ «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ለባለገንዘቡ የሚያተርፍለት ነገር የለም። የማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሲፈርም ሥልጣኑን ከመመሥረቻ ጽሑፉ፣ ወኪል ሲፈርም ውክልናውን ማየት ማኅተሙን ከማየት ይቀድማል።

ውል ሲጣስ የመጀመሪያው እርምጃ ማስጠንቀቂያ ነው። ቁጥር 1772 ግዴታው ያልተፈጸመለት ወገን በመብቱ ከመጠቀሙ በፊት ሌላው ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ያዛል፤ የግዴታው ጊዜ ሳይደርስ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ዋጋ የለውም። ማስጠንቀቂያ የማያስፈልገው ለምሳሌ ባለዕዳው (ግዴታውን መፈጸም ያለበት ወገን) አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ሲያስታውቅ፣ ግዴታው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ የሚፈጸም ሆኖ ጊዜው ሲያልፍ፣ ወይም ቀኑ ማለፉ ብቻ እንደሚበቃ በውሉ ሲስማሙ ነው። በስልክ ደጋግሞ መጨቅጨቅ ለኋላ ክርክር ብዙም አይጠቅምም፤ ግዴታውን፣ የመጨረሻውን ቀንና ቀኑ ካለፈ የሚወሰደውን እርምጃ የያዘ፣ በፊርማ የተሰጠ ደብዳቤ ግን ይጠቅማል።

ከዚህ በኋላ በቁጥር 1771 መሠረት ባለገንዘቡ ውሉ በግዴታ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት፣ ከሁለቱም ጋር ኪሣራ እንዲከፈለው ሊጠይቅ ይችላል። በግዴታ ማስፈጸም የሚፈቀደው ለጠያቂው የተለየ ጥቅም ሲኖረውና የባለዕዳውን የግል ነፃነት የማይነካ ሲሆን ነው፤ በገበያ በየሱቁ ለሚገኝ ዕቃ ከሌላ ገዝቶ ልዩነቱን መጠየቅ ይቀላል። ኪሣራ ጠያቂውም ብዙ ወጪና ችግር በማያስከትል መንገድ ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ አለበት። የገንዘብ ክፍያ ሲዘገይ ግን ውሉ ሌላ ካላለ ሕጉ የሚያስበው በዓመት 9 በመቶ ወለድ ነው፤ ይህም ባንኮች ለብድር ከሚያስከፍሉት ስለሚያንስ ክፍያ የሚያዘገይ ደንበኛ በአቅራቢው ኪስ ርካሽ ብድር እንደወሰደ ይቆጠራል።

«ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» የሚለው መከላከያ በስፋት ይነሣል፣ በስፋት ግን አይሠራም። ቁጥር 1794 በግልጽ ካልተስማሙ በቀር የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርን፣ የሥራ ማቆም አድማንና ግዴታውን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣትን ከዚህ ውጭ አድርጓል፤ ቁጥር 1764ም የአፈጻጸሙ ሁኔታ ተለውጦ ግዴታው ስለከበደ ብቻ ውሉ እንደማይቀር ይደነግጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ቋሚ ዋጋ ፈርሞ የነበረ አቅራቢ ጭነቱ በራሱ ላይ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከምንዛሪው ጋር ዋጋው የሚስተካከልበትን ስሌት በውሉ ያስገባ ግን ተርፏል። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ምርትን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ገበያ ለማስገባት ከሚያስችለው ዕድል) ተጠቃሚነት ስትወጣና አንዳንድ ኩባንያዎች የሀዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲለቁም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። እገዳው ልብስ መስፋትን አልከለከለም፤ ገበያውን አከሰረው እንጂ። ለእነዚህ ፋብሪካዎች ምግብ ወይም አውቶቡስ የሚያቀርብ ድርጅት በውሉ የማቋረጫ ማስታወቂያ ጊዜና የማቋረጫ ክፍያ ካላስገባ የሚቀርለት ክርክር ብቻ ነው።

ክርክሩ የግድ ፍርድ ቤት መድረስ የለበትም። በሲዳማ ሽማግሌዎች ፊት ግራ ቀኙን አዳምጦ እውነትን የማውጣት የአፊኒ ሥርዓት ከጥንት የነበረ ሲሆን፣ ሽማግሌ የደረሰበት ስምምነት በጽሑፍ ሰፍሮ ከተፈረመ በሕጉ መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል እንደመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ትልልቅ ውሎች በግልግል ዳኝነት እንዲታዩ የሚፈልጉ ተዋዋዮች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት ይህንኑ በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። መጠኑ የተቆረጠ ዕዳ እንዲከፈለው የሚጠይቅ ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 284 በሚጀምረው አጠር ባለ ሥርዓት መክሰስ ይችላል። በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ወንጀልም ይሄዳል፤ ለዋስትና ብቻ ነው የሰጠሁት የሚለው መልስም ብዙ ጊዜ አያድንም። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ ልዩ ሕግ አጭር ጊዜ ካልወሰነ በ10 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ስለዚህ ውሉ፣ የርክክብ ሰነዱ፣ ደረሰኙና ማስጠንቀቂያው ሥራው ካለቀ በኋላም ለዚያ ጊዜ ተጠብቀው መቀመጥ አለባቸው።